መጠን አሥራ ስምንት

የሰዓት ብሎን ሲወድቅ ድምፅ የለውም፤
ዐይንህ ካልቀደመው እጅህ አያገኘውም።
ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር፣ በሰባት ክንድ ሱቅ፣
አርባ ዓመት ተማርኩ፣ የወደቀን መጠበቅ፦
ብሎኑን አትፈልግ፤ ጎኑን እይ፣ ጥላውን፤
ቶሎ አትንበርከክ፤ አትረብሽ አቧራውን፤
ጭንቅላትህን አጋድም፣ ጆሮ እንደሚሰጥ ሰው፣
ብርሃን በአግድም ሲመጣ ነው ብረት የሚታየው።

ዛሬ ሱቁ የለም። መንገድ ሰፍቶበታል።
ባለቤት ያልመጣላቸው አሥራ አንድ ሰዓቶች
አልጋዬ ሥር በብስኩት ቆርቆሮ፣
አንዱ ብቻ ይሄዳል። የማን እንደሆነ ጠፍቶኛል።

እና አመሻሽ ላይ ከሸራተን ሥር ወዳለው ኩሬ
እወርዳለሁ፣ የዓሣ ዘንጌን በጨርቅ አስሬ።
ዘንጉ የአርታሼስ ነበር፣ የጌጥ ሠሪው አርመን፤
ለአንድ ሰዓት ጥገና ሰጠኝ፣ ገንዘብ ባጣ ዘመን።
ሐሙስ ወደ ባሌ ነው፤ ዌብ ወንዝ፣ ከዲንሾ ማዶ፣
ዓሣው ላይ ላዩን ይለቅማል፣ ጉም ሳይገፈፍ፣ ማልዶ።
እዚህ ግን ልምምድ ነው። መንጠቆዋን ቆርጫለሁ፤
ጫፍ የሌላት ዝንብ ውሃ ላይ አስቀምጣለሁ።

የሠራኋት ራሴ ነኝ። ከገብስማ አውራ ዶሮ
(የፋሲካ ዋዜማ፣ ላባው በፌስታል ታስሮ)
ካንገቱ አንድ ዘለላ፤ ከሚስቴ ክር ግራጫ፤
ጀርባዋ ላይ ነጭ ጥጥ፣ ለዐይኔ መቆናጠጫ።
መጠን አሥራ ስምንት። የገብስ ፍሬ ግማሽ።

ወረወርኩ። ክሩ ተዘረጋ። አረፈች።
አየኋት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጠፋች።

ውሃው ላይ ከተማው አለ፦ የክሬን መብራት ቀይ፣
መስኮት በመስኮት ላይ፣ ተገልብጦ ሰማይ፣
የጃካራንዳ አበባ፣ የፈንዲሻ ፍርፋሪ፣
የፈነዳ ፊኛ ቅዳጅ፣ አረፋ ዟሪ።
ሲመሽ ሁሉም ነጭ ነው፤ ሁሉም «እኔ ነኝ» ይላል።
ሰው የገዛ እጁን ሥራ ከገለባ መለየት ያቅተዋል?

«አባባ፣ ክልክል ነው!» አለ ጥበቃው፣ አንሙት።
«መንጠቆ የላትም።»
«ዓሣስ?»
«ዓሣም አልፈልግ።»
«ታዲያ ምንድን ነው የሚጠብቁት?»

ነገርኩት። ሳቀ። ዱላውን ተክሎ ቁጢጥ አለ።
የጣና ዳር ልጅ ነው፣ በታንኳ መረብ የጣለ።
«የኛ ዓሣ እንዲህ አይለመንም፤ ግን ዐይኔ ደኅና ነው።»
እሱ ሃያ አምስት ዓመቱ፤ የኔ ግራው ሞራ ነው።

«ዝንቧን አትፈልጋት» አልኩት። «ከዘንጉ ጫፍ ጀምር፤
ክሩን እንደ መንገድ ሂድበት፤ ሲያልቅ አንድ ክንድ ጨምር።
እዚያ ክብ ሣል በዐይንህ፣ የኮፍያህን ያህል፤
ከክቡ አትውጣ። ውጭ ያለው ሁሉ ያታልላል።»

ዝም አለ። መኪና አለፈ። ሌላ መኪና።
«አገኘኋት! በግራ፣ ከቀዩ መብራት ሥር።»
ጣቱን ተከትዬ እኔም አየኋት፣ ቀጥ ብላ ቆማ።

ብልጭ ስትልብኝ፣ ስትጠፋብኝ፣ እጠይቀዋለሁ፦
«አሁን?»
«አለች።»
«አሁንስ?»
«አለች። ትንሽ ዞረች። አለች።»
እንዲህ ያለ ንግግር፣ ሚስቴ ሆስፒታል ሳለች፣
በር ላይ ከነርሷ ጋር ነበረኝ፣ ሌሊቱን ሁሉ።
ከዚያ ወዲህ ማንንም «አሁንስ?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ድንገት ክንፏን አራገፈች። ተነሣች።
ቀዩን መብራት አቋርጣ ወደ ላይ ሸሸች።
አንሙት ዱላውን ጥሎ፦ «በረረችኮ! የእርስዎ በረረች!»

ክሩን ሳብኩ። የኔዋ ከእግራችን ሥር፣ ውሃ ጠጥታ፣
ካበባ ጋር ተጣብቃ፣ ጥጧ ረጥቦ፣ ተኝታ።
ያን ሁሉ ደቂቃ እውነተኛዋን ነው የጠበቅናት፤
እሱ ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ እኔ እፍ ብዬ አደረቅኋት።

ሰዓቱን አየ። ፊሽካውን አወጣ። «ይዘጋል» አለ።
አልነፋውም።
«አንዴ ይጣሉ። ብቻ አንዴ። አሁን ዐይኔ ለምዷል።»

ወረወርኩ። እኔ ውሃውን ተውኩት፤ የሱን ዐይን አየሁ፤
ስታርፍ፣ የት እንዳረፈች ከብሌኑ አወቅሁ።